ሺኛዋን ሰከንድ የሚይዝ ዴስክቶፕ

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1997 በስፔን ሄሬዝ በተካሄደ የፎርሙላ ዋን የደረጃ ማጣሪያ ሦስት አሽከርካሪዎች ፈጣን ዙራቸውን በትክክል በ1 ደቂቃ ከ21.072 ሰከንድ ጨረሱ፤ ዣክ ቪልነቭ፣ ሚካኤል ሹማከርና ሃይንዝ ሃራልድ ፍሬንትዘን። ሺኛ ሰከንድ የሚቆጥረው መሣሪያ ሊለያቸው ስላልቻለ፣ ሰዓቱን ቀድሞ ያስመዘገበው ቪልነቭ ከፊት እንዲነሣ ተደረገ።

አራት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው አሻንጉሊት መኪና ሲያሽቀዳድሙም ክርክሩ ይኸው ነው። «እኔ ነኝ የቀደምኩት» የሚለው ሰው ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ ሌላው ይስቃል፣ ዳኛው ዓይኑን ማመን ያቅተዋል።

ስሎት ካር የምትባለው መኪና በፕላስቲክ ወይም በእንጨት መንገድ ላይ የተቆረጠ ቀጭን ቦይ ተከትላ ትሮጣለች። ከቦዩ ግራና ቀኝ ከተዘረጉ ሁለት የብረት ሐዲዶች ኤሌክትሪክ ትስባለች፤ ተወዳዳሪው በእጁ የያዘውን መቆጣጠሪያ ሲጫን ትፈጥናለች፣ ሲለቅ ትቀዘቅዛለች፣ ከርቭ ላይ ካበዛባት ከቦዩ ወጥታ ትገለበጣለች። ከስሞቹ ሁሉ የታወቀው ስኬሌክስትሪክ ነው። እንግሊዛዊው ፍሬድ ፍራንሲስ ሚኒሞዴልስ በተባለው ድርጅቱ አማካይነት በ1957 በሃሮጌት የአሻንጉሊት ትርኢት ያቀረበው ሲሆን፣ ዛሬ በብሪታንያ፣ በጀርመን፣ በስፔንና በአሜሪካ ባሉ ክለቦች ውድድሩ በቁም ነገር ይካሄዳል። በእነዚህ ክለቦች አንድ ጥግ ላይ ብዙ ጊዜ አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ይኖራል፤ ዙር ይቆጥራል፣ ሰዓት ይይዛል፣ ውጤት ያሳያል። ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለውን ዴስክቶፕ ለአራት መስመር ውድድር እንዴት መሥራት እንደሚቻል ደረጃ በደረጃ ያሳያል።

ኮምፒውተሩ ሰዓት አይያዝ

ኮምፒውተር በሰከንድ ቢሊዮን ጊዜ ስለሚያሰላ ሰዓት መያዝ ያቅተዋል ብሎ የሚጠረጥር ሰው ጥቂት ነው። ነገር ግን ዊንዶውስ ደንበኛ እንደ በዛበት ባለሱቅ ነው፤ ጥሪውን ይሰማል፣ የሚያስተናግደው ግን ተራው ሲደርስ ነው። የውስጥ ሰዓቱ በተለመደው አሠራር በሰከንድ 64 ጊዜ፣ ማለትም በየ15.6 ሚሊሰከንዱ ይመታል። በሰከንድ 5 ሜትር የምትሮጥ መኪና በዚያች ጊዜ 7.8 ሳንቲሜትር ትጓዛለች። 4.5 ሜትር የምትረዝም እውነተኛ መኪና በ1/32 ልኬት ስትሠራ ርዝመቷ 14 ሳንቲሜትር ግድም ስለሚሆን፣ ስሕተቱ ከመኪናዋ ግማሽ ይበልጣል ማለት ነው።

ኃይሌ ገብረሥላሴ በ2000 የሲድኒ ኦሊምፒክ በ10 ሺ ሜትር ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ነበር፤ 27:18.20 ለ27:18.29። ያ ሁሉ ሕዝብ ትንፋሹን የያዘበት ልዩነት በስሎት ካር መንገድ ላይ 45 ሳንቲሜትር፣ ሦስት መኪና ተከታትሎ የሚቆምበት ቦታ ነው። እዚህ ስለ መቶኛ ሳይሆን ስለ ሺኛ ሰከንድ ነው የሚወራው።

ስለዚህ ሰዓቱን የሚይዘው ኮምፒውተሩ መሆን የለበትም። በሣጥኑ ውስጥ የራሷ ሰዓት ያላት ትንሽ ቦርድ ትቀመጣለች፤ መኪናዋ መስመሩን ስታቋርጥ ቅጽበቱን የምትመዘግበው እሷ ናት። ኮምፒውተሩ የተመዘገበውን ተቀብሎ ይደምራል፣ ደረጃ ያወጣል፣ በስክሪን ያሳያል። ሃያም ሠላሳም ሚሊሰከንድ ቢዘገይ ጉዳት የለውም፤ ሰዓቱ ከመልእክቱ ጋር አብሮ ተጽፏልና።

በ1990ዎቹ አሠራሩ ሌላ ነበር። ባለ 25 ፒን የፕሪንተር መሰኪያ ከፕሪንተሩ ወደ ኮምፒውተሩ መልእክት የሚያመጡ አምስት መስመሮች (10ኛ፣ 11ኛ፣ 12ኛ፣ 13ኛና 15ኛ ፒን) ስላሉት፣ የክለብ ሰዎች ሴንሰሮቻቸውን እዚያ ላይ ያስሩ ነበር። 11ኛው ፒን ከሌሎቹ በተቃራኒ ስለሚነበብ ብዙ ሰው ራሱን ያከበት ነበር። የጆይስቲክ መሰኪያውም የአራት ቁልፍ ንባብ ስለነበረው ለአራት መስመር ያገለግላል። በዶስ ዘመን ይህ ግሩም ዘዴ ነበር። ዊንዶውስ ኤክስፒና ተከታዮቹ ግን ተራ ፕሮግራም መሰኪያውን በቀጥታ እንዲነካ አይፈቅዱም፤ ማዘርቦርድ ሠሪዎችም ሁለቱንም መሰኪያዎች ቀስ በቀስ ትተዋቸዋል። የቆየ የዶስ ማሽን በእጁ ያለው ሰው ካልሆነ በቀር ወደዚያ መመለስ አያዋጣም። ኪቦርድ ፈትቶ ሴንሰሮቹን ከቁልፎቹ ጋር የመበየድ ብልሃትም አለ፤ ለልጆች ጨዋታ ይበቃል፣ ለውድድር አይበቃም።

የሚያስፈልገው

ማንኛውም የሚሠራ ዴስክቶፕ ይሆናል፤ ሁለት ነገር ብቻ ይታይ። አንደኛ፣ የሲዲ ማጫወቻ የሚገባበት ባለ 5.25 ኢንች ክፍት ቦታ። ሁለተኛ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያልተያዘ የውስጥ ዩኤስቢ ፒን፤ ይህም በሁለት ረድፍ የተደረደሩ ዘጠኝ መርፌዎች ያሉት ሲሆን አሥረኛው ሆን ተብሎ ባዶ ተትቷል።

ሰዓት የምትይዘው ቦርድ አርዱዊኖ ኡኖ ናት። በ16 ሜጋኸርትዝ የምትሠራ፣ 14 ዲጂታል ፒን ያላት፣ 68.6 በ53.4 ሚሊሜትር የሆነች ርካሽ ቦርድ ናት። ከእሷ ጋር አራት ባለ 3 ሚሊሜትር የኢንፍራሬድ ፎቶትራንዚስተር (ጥቁር መነጽር ያለው ቢሆን ይመረጣል፣ ተራ ብርሃንን ስለሚቀንስ)፣ አራት የኢንፍራሬድ ኤልኢዲ፣ አራት ባለ 150 ኦም ሬዚስተር፣ አራት ከ22 እስከ 47 ኪሎ ኦም የሚደርስ ሬዚስተር፣ ባለ 9 ፒን መሰኪያ ወንዴና ሴቴ፣ ጥቂት ሜትር የኔትወርክ ኬብል፣ ባለ 5 ቮልት ሪሌይ ሞጁልና ከውስጥ ዩኤስቢ ፒን ወደ ተራ ዩኤስቢ የሚቀይር አጭር ኬብል ይገዛሉ። ከመሣሪያ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የሶልደር ብረት፣ መልቲሜትርና ባለ 3 ሚሊሜትር መሰርሰሪያ ይበቃል።

መኪናዋን የሚያይ ዓይን

ሴንሰር ሲመረጥ ሦስት መንገድ አለ። በትልልቅ የንግድ መንገዶች የተለመደው የሞተ ሐዲድ ነው፦ ከሁለቱም ሐዲዶች አጭር ቁራጭ ከኃይል መስመሩ ተቆርጦ ይለያል፣ መኪናዋ ስታልፍበት ሞተሯ ሁለቱን ቁራጮች ያገናኝና ምልክት ይሰጣል። ቀላል ነው፣ ነገር ግን እየተሽከረከረ ያለ ሞተር ራሱ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ያ ቮልቴጅ በቀጥታ ወደ ቦርዱ እንዳይገባ በኦፕቶካፕለር መለየት ግድ ነው። የቆሸሸ የመኪና ብሩሽም አንዳንዴ ዙር ያስበላል። ሁለተኛው መኪናዋ ሥር ማግኔት ለጥፎ በሪድ ስዊች ማንበብ ነው፤ ሁሉም መኪና ማግኔት እንዲሸከም ማስገደድ ግን በክለብ ውስጥ ጠብ ይጠራል።

ሦስተኛውና የሚመረጠው ብርሃን ነው። ከመንገዱ በላይ ትንሽ ድልድይ ይሠራል፤ ከእያንዳንዱ መስመር ቦይ አናት ላይ ኤልኢዲ ወደ ታች ያበራል፣ በቦዩ ወለል ውስጥ የተቀበረው ፎቶትራንዚስተር ወደ ላይ ያያል። መኪናዋ ስትገባ ብርሃኑ ይቋረጣል። ከመንገዱ ኤሌክትሪክ ጋር ምንም ንክኪ ስለሌለው፣ ሐዲዱ ላይ የሚፈጠር ብልጭታ ወደ ኮምፒውተሩ በቀጥታ የሚገባበት በር የለውም።

ያለ ድልድይ፣ በክፍሉ መብራት ብቻ የሚሠሩ ሰዎች አሉ። ገንዘብ ይቆጥባል፣ ግን ተመልካቹ ጎንበስ ሲል ጥላው ዙር ይቆጥራል። በዚያ ላይ ብዙዎቹ የክፍል መብራቶች ከኤሌክትሪክ መስመሩ ጋር ይርገበገባሉ፤ እንደ ኢትዮጵያና እንደ አውሮፓ 50 ኸርትዝ በሆነበት አገር በሰከንድ 100 ጊዜ፣ እንደ አሜሪካ 60 በሆነበት 120 ጊዜ። ዓይን አያየውም፣ ቦርዷ ግን ታየዋለች። የድልድዩ ኤልኢዲ በቀጥታ ጅረት ስለሚበራ አይርገበገብም።

ቦታውም መታሰብ አለበት። ከርቭ ላይ መኪና ጭራዋን ትጥላለች፤ ከቀጥታው መንገድ መጨረሻ ፍሬን የሚያዝበት ቦታ ላይ ደግሞ ከሌላ መስመር የወጣች መኪና ተንሸራታ መጥታ የሌላ ሰው ሴንሰር ላይ ትተኛለች። ስለዚህ ሴንሰሩ ከከርቭ ወጥቶ መኪናዋ በተስተካከለችበት፣ በቀጥታው መንገድ የመጀመሪያ አጋማሽ ላይ ይሁን። መኪናዎቹ የሚነሡት ከሴንሰሩ ኋላ ከሆነ የመጀመሪያው መቋረጥ የዙር ፍጻሜ ሳይሆን የዙር መጀመሪያ መሆኑን ፕሮግራሙ ማወቅ አለበት፤ ይህ ከተረሳ ሁሉም ሰው አንድ ዙር በነፃ ያገኛል።

መሰርሰሩ እንዲህ ነው። የመንገዱ ቁራጭ ይነቀልና የቦዩ ወለል መሐል በ3 ሚሊሜትር መሰርሰሪያ ይበሳል። ፎቶትራንዚስተሩ ከታች በኩል ገብቶ አናቱ ከወለሉ ሳይበልጥ በሙጫ ይያዛል፤ ከበለጠ ቦዩ ውስጥ የሚገባው የመኪናዋ መሪ ምላስ ይመታዋል። አራቱም ቀዳዳዎች ከመነሻው መስመር እኩል መራቃቸው በማስመሪያ ይረጋገጥ። አንዱ መስመር በ5 ሚሊሜትር ቢቀድም፣ በሰከንድ 5 ሜትር ፍጥነት በየመድረሻው አንድ ሚሊሰከንድ ስጦታ ይሆናል። ድልድዩ ከመንገዱ 10 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ይበል፤ በጣም ከራቀ ብርሃኑ ይደክማል።

ሽቦውን ማሰር

እያንዳንዱ ኤልኢዲ በራሱ 150 ኦም ሬዚስተር በኩል ከ5 ቮልት ጋር ይያያዛል። ኤልኢዲው 1.3 ቮልት ግድም ስለሚወስድ በውስጡ 25 ሚሊአምፔር ያህል ያልፋል፤ ለአራቱ 100 ሚሊአምፔር። በፎቶትራንዚስተሩ በኩል ኤሚተሩ ወደ ግራውንድ፣ ኮሌክተሩ ወደ ቦርዷ ፒን ይሄዳል፤ ከዚያው ፒን ወደ 5 ቮልት ትልቁ ሬዚስተር ይታሰራል። ብርሃን ሲያርፍበት ፒኑ ወደ ዜሮ ቮልት ይወርዳል፣ ሲጋረድ ወደ 5 ይወጣል።

ቦርዷ ከ1.5 ቮልት በታች ያለውን «ዝቅተኛ»፣ ከ3 ቮልት በላይ ያለውን «ከፍተኛ» ብላ ታነባለች፤ በመሐል ያለው ዕጣ ነው። ስለዚህ በመልቲሜትር ሲለካ በብርሃን ከ1 ቮልት በታች፣ በጣት ሲከለል ከ4 ቮልት በላይ መገኘት አለበት። በብርሃን ከ1 በታች አልወርድ ካለ ሬዚስተሩ በ47 ኪሎ ኦም ይተካ ወይም ድልድዩ ዝቅ ይበል። ኤልኢዲው መብራቱን በዓይን ማየት ስለማይቻል የስልክ ካሜራ ይደገንበት፤ በብዙ ስልኮች ሐምራዊ ነጥብ ሆኖ ይታያል።

የኔትወርክ ኬብል ውስጥ አራት ጥንድ የተጠማዘዙ ሽቦዎች አሉ፤ ለአራት መስመር የተሰፋ ይመስላል። ከእያንዳንዱ ጥንድ አንዱ ምልክት፣ አንዱ ግራውንድ ይሆናል። የኤልኢዲው ኃይል በሌላ ሁለት ሽቦ ይሂድ። ሰው በልማድ የኔትወርኩን መሰኪያ ራሱን መጠቀም ይፈልጋል፤ አይመከርም። አንድ ቀን አንድ ደግ ሰው «ኢንተርኔት ላስገባላችሁ» ብሎ ይሰካዋል።

ባለ 9 ፒኑ ይሻላል። በአሮጌ ኮምፒውተሮች ጀርባ ያለው የሲሪያል መሰኪያ ቆርቆሮ ከካርድ ማስገቢያው ላይ በአንድ ብሎን ስለሚታሰር፣ ወንዴው ወጥቶ ሴቴው በዚያው ቀዳዳ ይተካል። ሴቴ እንዲሆን የተፈለገው ያለ ምክንያት አይደለም፦ የኮምፒውተሩ እውነተኛ ሲሪያል መሰኪያ ወንዴ ነው፣ በውስጡም አሉታዊ ቮልቴጅ ጭምር ይመላለሳል። የሴንሰሩ ኬብል ጫፍ ወንዴ ከሆነ በስሕተት እዚያ ሊሰካ አይችልም። አከፋፈሉ፣ ከ1 እስከ 4 ያሉት ፒኖች ለአራቱ መስመሮች፣ 5 ለግራውንድ፣ 6 ለሪሌይ፣ 9 ለ5 ቮልት ይሁን።

ሣጥኑን መክፈት

ኮምፒውተሩ ይጠፋል፤ ገመዱ ከሶኬት ይነቀላል፤ የማብሪያው ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጭኖ የቀረው ኃይል እንዲወጣ ይደረጋል። እጅ ወደ ውስጥ ከመግባቱ በፊት የሣጥኑን ቀለም አልባ ብረት መንካት በሰውነት ላይ ያለውን ስታቲክ ያወርዳል። ፓወር ሰፕላዩ ግን በምንም ምክንያት አይከፈትም፤ ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ለሕይወት የሚያሰጋ ቮልቴጅ በውስጡ ይቆያል።

አርዱዊኖዋ በባለ 5.25 ኢንቹ ቦታ በተቆረጠ የፕላስቲክ ሰሌዳ ላይ በፕላስቲክ ድጋፍ፣ በብሎንና በዳዶ ትታሰራለች። ከሥሯ የተበየዱት ነጥቦች የሣጥኑን ብረት ከነኩ ታሪኳ ያበቃል። ከማዘርቦርዱ የሚመጣው ኬብል በዝግጁነት የተገዛው ቢሆን ይመረጣል፤ ሽቦ በሽቦ የሚያስረው ሰው 5 ቮልቱንና ግራውንዱን ካቀያየረ ቦርዷንም መሰኪያውንም ሊያጣ ይችላል። ኬብሉ ከመሰካቱ በፊት መልቲሜትሩ የሚያስፈልገው እዚህ ነው።

ኃይሉን ከየት? ብዙዎች ከፓወር ሰፕላዩ ከሚወጣው የሃርድ ዲስክ መሰኪያ ቀዩን ሽቦ፣ 5 ቮልቱን፣ ይወስዳሉ። ይሠራል። ግን ያ ሽቦ ብዙ አምፔር መስጠት ስለሚችል በመንገዱ ሥር ሁለት ሽቦ ቢነካካ ኬብሉ ይጨሳል፤ ከተወሰደ 500 ሚሊአምፔር ፊውዝ ይቅደመው። ዩኤስቢው 500 ሚሊአምፔር ይሰጣል፤ ኤልኢዲዎቹ 100፣ ሪሌዩ 70 ግድም፣ ቦርዷ 50 ያህል ቢወስዱ ገና ግማሹም አልተነካም። ስለዚህ ከዩኤስቢ መውሰዱ የተሻለ ነው።

የሪሌዩ ሥራ ጊዜው ሲያልቅ ወይም ሰው ያለ ጊዜው ሲነሣ የመንገዱን ኃይል መቁረጥ ነው። ቦታው ኮምፒውተሩ ውስጥ አይደለም፤ ከመንገዱ ትራንስፎርመር አጠገብ በትንሽ የፕላስቲክ ሣጥን ይቀመጥ፣ ከኮምፒውተሩ የሚመጣለት ትእዛዙና 5 ቮልቱ ብቻ ይሁን። የሚቆርጠውም ወደ ሐዲዱ የሚሄደውን 12 ወይም 15 ቮልት እንጂ 220 ቮልቱን አይደለም። የሪሌዩን ጠመዝማዛ በቀጥታ ከአርዱዊኖዋ ፒን ማንቀሳቀስ አይቻልም፤ አንድ ፒን የሚችለው ቢበዛ 40 ሚሊአምፔር ነው፣ ለዚህ ነው ትራንዚስተሩና መከላከያ ዳዮዱ አብረው የተሠሩበት ሞጁል የሚገዛው። ከሁለቱ የሪሌይ እግሮች በተፈጥሮው ዝግ የሆነው ቢመረጥ ኮምፒውተሩ ጠፍቶም ልጆች መለማመድ ይችላሉ።

ቦርዷ ምን ታስብ?

ፕሮግራሙ አጭር ነው፣ ግን ጥቂት ወጥመዶች አሉት። የመጀመሪያው ፍትሕን ይመለከታል። አራቱን ፒኖች ተራ በተራ የሚያነብ ፕሮግራም ሁልጊዜ የመጀመሪያውን መስመር ያስቀድማል። በኡኖ ላይ ከ4 እስከ 7 ያሉት ፒኖች በአንድ የውስጥ መዝገብ ስለሚገኙ ሁሉንም በአንድ ትእዛዝ ማንበብ ይቻላል፤ ሴንሰሮቹ እዚያ ላይ ይታሰሩ። ማይክሮስ የተባለው ትእዛዝ በኡኖ ላይ ጊዜን በ4 ማይክሮሰከንድ እርከን ይሰጣል፤ ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ነው።

አንድ ፒን ከብርሃን ወደ ጨለማ ሲቀየር ቦርዷ ያንን ቅጽበት ትይዛለች፤ ነገር ግን ወዲያው አታምንም። ጨለማው ቢያንስ 1 ሚሊሰከንድ ከቆየ ነው መኪና መሆኑን የምትቀበለው። በሰከንድ 5 ሜትር የምታልፍ መኪና ብርሃኑን 28 ሚሊሰከንድ ያህል ስለምትጋርድ አትታለፍም፤ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ግን ይታለፋል። የሚመዘገበው ሰዓት ጨለማው የጀመረበት ነው፣ የተረጋገጠበት አይደለም። ብርሃን የሚያሳልፍ መስኮት ያላት መኪና ሁለት ጊዜ እንዳትቆጠር ደግሞ አጭሩ የሚታመን ዙር ይወሰናል፤ ፈጣኑ ዙር 6 ሰከንድ በሆነበት መንገድ ከ3 ሰከንድ በታች የመጣ ምልክት ይጣላል።

የማይክሮስ ቆጣሪ በ71 ደቂቃ ከግማሽ ግድም ሞልቶ ከዜሮ ይጀምራል። ሁለቱ ሰዓቶች አሉታዊ ምልክት በማይቀበል ባለ 32 ቢት ቁጥር ከተቀናነሱ ልዩነቱ በራሱ ይስተካከላል፤ ይህን ያልተጠነቀቀ ሰው ረጅም ውድድር ላይ የማይታመን የዙር ሰዓት ያያል።

ሌላው ብዙ ሰው የማያስበው የቦርዷ ሰዓት ራሱ ነው። የኡኖ ዋና ቺፕ የሚመራው በክሪስታል ሳይሆን በሴራሚክ ሬዞኔተር ነው፤ ይህ እስከ 0.5 በመቶ ሊሳሳት ይችላል፣ በ10 ደቂቃ ውድድር 3 ሰከንድ ማለት ነው። አራቱም መስመሮች የሚለኩት በአንዱ ሰዓት ስለሆነ በዚያ ምሽት ማን እንደቀደመ አይቀየርም። የሚበላሸው የመንገዱን ክብረ ወሰን በሌላ ቦርድ ከተለካ ጋር ሲያወዳድሩ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ቦርዷ ሰዓቱን ከኢንተርኔት ካስተካከለ ኮምፒውተር ጎን ለአንድ ሰዓት ትቁጠር። እሷ 3,600 ሰከንድ ስትል ኮምፒውተሩ 3,596 ካለ፣ ውጤቱ ሁሉ በ0.9989 ይባዛል።

ከዚያ የመስመሩ ቁጥርና ሰዓቱ በአንድ አጭር ጽሑፍ በዩኤስቢ ይላካል። ኮምፒውተሩ ግንኙነቱን በከፈተ ቁጥር ኡኖ እንደገና እንደምትነሣ ልብ ይሏል፤ ለሁለት ሰከንድ ያህል አታይም። ፕሮግራሙ ከውድድሩ በፊት ይከፈት፣ በመሐል አይዘጋ።

በኮምፒውተሩ በኩል ሁሉንም ከባዶ መጻፍ አያስፈልግም። ሬስ ኮኦርዲኔተር፣ አልቲሜት ሬሰርና ፒሲ ላፕ ካውንተር ለዚሁ የተሠሩ ናቸው፤ ሬስ ኮኦርዲኔተር ከአርዱዊኖ ጋር ይሠራል። ነገር ግን እያንዳንዱ የሚቀበለው የመልእክት ቅርጽ የራሱ ስለሆነ፣ መጀመሪያ ፕሮግራሙ ይመረጥ፣ ቦርዷ በእሱ ቋንቋ እንድትናገር ቀጥሎ ይጻፍ። አንዳንዶቹ ሰዓቱን ራሳቸው ኮምፒውተሩ ላይ መያዝ ይፈልጋሉ፤ ያንን ማጥፋት የሚያስችል ምርጫ ከሌላቸው ለዚህ ሥራ አይሆኑም። የራሱን መጻፍ የሚሻ ሰው በፓይተን ከሲሪያል መስመር አንብቦ ዝርዝር ማውጣት ይችላል። የውድድሩ ደንብ ግን አስቀድሞ ይወሰን፦ አራት ተወዳዳሪ በአራት ተራ እየተቀያየረ በሁሉም መስመር ይነዳል፣ ድምሩ ይታያል፤ እኩል ሰዓት ሲገኝ እንደ ሄሬዙ ቀድሞ ያስመዘገበው ይቀድማል።

ፈተናው

ከሁሉ የሚጠቅመው ፈተና አንድ ብቻ ነው፣ ብዙ ሰው ግን ይዘለዋል። የአንዱ መስመር ሴንሰር ምልክት ለጊዜው በአራቱም ፒኖች ላይ ይታሰርና አንዲት መኪና ትነዳለች። አራቱም መስመሮች አንድ ዓይነት ሰዓት ማሳየት አለባቸው። ልዩነት ካለ መስመሮቹ በአንድ ጊዜ እየተነበቡ አይደለም፤ ፕሮግራሙ ይፈተሽ።

ቀጥሎ መኪናዋ መቶ ዙር ትሂድ፣ አንድ ሰው በወረቀት ላይ ይቁጠር፤ ቁጥሩ ከስክሪኑ ጋር ካልገጠመ ሴንሰሩ ወይ ይደክማል ወይ ሁለት ጊዜ ይቆጥራል። ይህ በቀን የመስኮት ፀሐይ ባለበትም በማታም ይደገም። በመጨረሻ ሪሌዩ ሆን ተብሎ በሙሉ ፍጥነት መሐል ይቆረጥ፤ በዚያች ቅጽበት ሐሰተኛ ዙር ከተቆጠረ የሴንሰሩ ኬብል ከኃይል ኬብሉ ጋር ተጣብቆ ሄዷልና ይለያዩ።

ክዳኑ ከመታሰሩ በፊት አንድ ሥራ ይቀራል። የእያንዳንዱን ሽቦ ቀለም፣ የፒን ቁጥርና የመስመር ቁጥር፣ የሬዚስተሮቹን መጠን፣ የሰዓቱን ማስተካከያ ቁጥርም በወረቀት ይጻፉና በክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ ይለጥፉ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሣጥኑን የሚከፍተው ሰው እርስዎ ላይሆኑ ይችላሉ።